ጠረጴዛው የሚሠራው ፓሌቱ ሲፈታ ነው

ይህ ጽሑፍ የእንጨት ሥራ መጀመር ለሚፈልጉ ሰዎች በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። አድማጮች ያነሷቸውን ሁለት ጥያቄዎችም በየቦታቸው ትቻቸዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እስቲ ይህን ጣውላ እዩልኝ። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20 ነው። ወርዱ 14 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው። ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውበት ግራጫ ሆኗል። ጫፉ ላይ የሚስማር ቀዳዳዎች አሉ፤ ዙሪያቸው ጠቁሯል። አሁን ላገላብጠው። በዚህኛው ፊት ላይ ትናንት ማታ መላጊያ ሦስት አራት ጊዜ አስኬድኩበት፣ ሌላ ምንም አላደረግኩም። ከግራጫው ሥር ማር የመሰለ ቢጫ ወጣ። የእንጨቱ መስመሮች ጥርት ብለው ይታያሉ። ከኋላ ያላችሁም ቆይቶ ይደርሳችኋል፣ እጅ በእጅ ተቀባበሉት።

ይህ ጣውላ የፓሌት፣ ማለትም ዕቃ ተደርድሮበት የሚጓጓዝ የእንጨት መደብ፣ ጣውላ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ከእንዲህ ዓይነቱ እንጨት የሶፋ ጠረጴዛ፣ ማለትም ኮፊ ቴብል፣ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሥራ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣለት መቁረጥና መምታት ነው። እኔ ከዓመታት ሥራ በኋላ የደረስኩበት ግን ሌላ ነው። ጠረጴዛው ጥሩ ይሁን አይሁን የሚወሰነው ገና ፓሌቱን ስትመርጡና ስትፈቱ ነው። መገጣጠሙ የአንድ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው። እንጨቱን ማወቅ፣ ሳይሰበር ማላቀቅና ማድረቅ ግን ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ከንግግሬ ግማሽ በላይ የሚሄደው እዚያ ላይ ነው።

ፓሌት ለውበት የተሠራ ነገር አይደለም። ዕቃ ይደረደርበታል፣ ፎርክሊፍት ከሥሩ ገብቶ ያነሳዋል፣ በመርከብና በመኪና ይዞራል። በአውሮፓ መደበኛ የሆነው ፓሌት 120 በ80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከፍታው 14.4 ሴንቲ ሜትር። 11 ጣውላዎችና 9 ጉርድ እንጨቶች በ78 ሚስማር ተያይዘው ይሠራል፤ 1,500 ኪሎ ግራም እንዲሸከም ታስቦ ነው። እነዚህን ቁጥሮች የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የላይኛው ፊት 5 ጣውላ ነው፤ ሦስቱ ባለ 14.5 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለቱ ባለ 10። ደምሯቸው። 63 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይመጣል። ጎን ለጎን ብታጣብቋቸውና ዳር ዳሩን ብታስተካክሉ 110 በ60 የሚሆን የጠረጴዛ ፊት ተገኘ ማለት ነው። ልኩ ለሶፋ ጠረጴዛ የተቆረጠ ይመስላል። በተግባር ግን አንዱ ጣውላ የተሰነጠቀ፣ ሌላው የተጣመመ ሆኖ ስለሚገኝ ሁለት ፓሌት ያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከልቤ ልናገር። ደህና ፓሌት አትፍቱ። ገና ሥራ ላይ ያለ፣ ሊጠገንና ደጋግሞ ዕቃ ሊሸከም የሚችል ፓሌት ወስዶ ጠረጴዛ ማድረግ እንጨት ማትረፍ አይደለም። በእርሱ ፋንታ አዲስ ዛፍ ይቆረጣል። እኛ የምንፈልገው እግሩ የተሰበረውን፣ ጉርዱ የተፈነከተውን፣ ከአሁን በኋላ ወይ ለማገዶ ወይ ለቆሻሻ የሚሄደውን ነው። እንዲህ ባለው ውስጥ ደህና ጣውላ ሞልቷል።

ባለቤትም አለው። ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ወይም ቀይ የተቀባ ፓሌት ካያችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአከራይ ድርጅት ንብረት ነው። ዕቃው ከደረሰ በኋላ ተሰብስቦ ይመለሳል። ግድግዳ ጥግ ተጥሎ ብታዩትም የሰው ንብረት ነው። ያልተቀባውንም ቢሆን ጠይቃችሁ ውሰዱ። አብዛኛው ሰው ቦታ ስለሚያስለቅቅለት ደስ ብሎት ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ምልክቱ እንምጣ።

ከፓሌቱ ጎን፣ ጉርዱ ላይ ወይም ወፍራሙ ሞራሌ ላይ፣ በእሳት የተተኮሰ ወይም በቀለም የታተመ ምልክት ፈልጉ። በአንድ በኩል የስንዴ ዛላ የመሰለ ሥዕል አለ። ከጎኑ ፊደላትና ቁጥሮች ተደርድረዋል። ይህ ምልክት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት ሥር ከጸደቀ ደንብ ነው። የደንቡ ቁጥር 15 ነው። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ከአገር ወደ አገር የሚሻገር የዕቃ ማሸጊያ እንጨት በውስጡ ነፍሳትና ትል ይዞ ሄዶ የሌላውን አገር ደን እንዳያጠፋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት የአገሩ ስም ናቸው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር የአምራቹ መለያ ነው። ከዚያ የሚመጡት ፊደላት ደግሞ እንጨቱ ምን እንደተደረገ ይነግሩናል። ለእኛ የሚያስፈልጉን እነዚህ ናቸው።

ኤች ቲ (HT) የሚል ከሆነ እንጨቱ በሙቀት ታክሟል ማለት ነው። የእንጨቱ እምብርት ድረስ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ፣ ሳይቋረጥ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቆይቷል። ኬሚካል የለበትም። ዲ ኤች (DH) ካለ ደግሞ ልክ እንደ ማይክሮዌቭ ባለ ዘዴ ከውስጥ ተሞቋል። ያም ለቤት ይሆናል።

ኤም ቢ (MB) የሚል ካያችሁ ግን መልሳችሁ አስቀምጡት። ኤም ቢ ሜቲል ብሮማይድ ነው። መርዛማ ጋዝ ነው። የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ፕሮቶኮል ቁጥጥር ሥር የገባ ነው፤ ለድንበር ተሻጋሪ ጭነት ማጠኛ ግን አሁንም በልዩ ሁኔታ የሚፈቀድበት አለ። ስለዚህ ምልክቱ ዛሬም ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ልጆች እጃቸውን የሚያሳርፉበት፣ ሰው ኩባያውን የሚያስቀምጥበት ዕቃ ከዚያ አይሠራም። አትላጉት፣ አትቁረጡት፣ አታንድዱት።

አንዲት አድማጭ እዚህ ጋር እጇን አወጣች። "ምንም ምልክት የሌለውስ?" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ምልክት የሌለው ፓሌት ብዙ ጊዜ ከአገር ያልወጣ፣ በዚያው የሚሠራበት ነው። ያልታከመ ሊሆን ይችላል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ከመጋዝ ቤት የሚገዛ ብዙ ጣውላም እንደዚያው ነው። ግን ማን እንደተጠቀመበት የሚነግረን ስለሌለ ይበልጥ በዓይንና በአፍንጫ እንመርምረው አልኳት።

ምክንያቱም ምልክቱ አንድ ነገር አይነግረንም። ፓሌቱ ላይ ምን ተጭኖ እንደነበር አይናገርም። ኤች ቲ የተጻፈበት ፓሌት ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት ፈስሶበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎንበስ ብላችሁ አሽትቱት። የዘይት፣ የነዳጅ፣ የመድኃኒት ሽታ ካለው ተዉት። ጣውላው ላይ ፈስሶ የደረቀ ነገር፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ወይም ቅባት የመሰለ እድፍ ካያችሁ ተዉት። ጥቃቅን ክብ ቀዳዳዎች ካሉና ስታንኳኩት ደቃቅ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ እንጨት በዪ ነፍሳት ገና ውስጡ ናቸው። ያንን ወደ ቤት ማስገባት ለሌላው ዕቃችሁም አደጋ ነው። መጠራጠር ከጀመራችሁ ደግሞ አትከራከሩ፤ ሌላ ፈልጉ። የተጣለ ፓሌት አይጠፋም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገርም ልጨምር። በሙቀት ታክሟል ማለት ደርቋል ማለት አይደለም። ያ ሙቀት ትሉን ይገድላል እንጂ እርጥበቱን አያወጣም። ኤች ቲ የታተመበት ፓሌት ስትቆርጡት ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ የመጀመሪያ ጠረጴዛዬን ያበላሸው ይኸው ነው።

እንፍታው እንግዲህ።

የፓሌት ሚስማር እንደ ተራው ሚስማር ለስላሳ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ ቀለበት ቀለበት ወይም ጠመዝማዛ ጭረት አለው። የተሠራው ፓሌቱ ስንት ሺህ ጊዜ ቢንገጫገጭ እንዳይወጣ ነው። እንጨቱን እንደ መንጠቆ ይዞታል። መዶሻችሁን ከጣውላው ጫፍ ሥር ከታችሁ ብትስቡ ሚስማሩ አይወጣም፤ ጣውላው ነው የሚሰነጠቀው። በተለይ ጫፉ ፀሐይ የመታውና የደረቀ ስለሆነ በአንድ ምት ለሁለት ይከፈላል። ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ጥፋቱ የጉልበት ማነስ አይደለም፣ የዘዴ ነው።

ዘዴው ሚስማሩን ከመንቀል ይልቅ መቁረጥ ነው። በጣውላውና በሞራሌው መካከል ቀጭን ሽብልቅ አስገቡና በቀስታ ምቱት። ትንሽ ክፍተት ይከፈታል፣ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በዚያ ክፍተት የብረት መጋዝ ምላጭ ይገባል። በእጅ የሚሠራ ሴጌቶ ካላችሁ ምላጩን ከፍሬሙ አውጡት፣ አንዱን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙት። ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድ ምላጭ ያለው የኤሌክትሪክ መጋዝ ካላችሁ ደግሞ ለብረት የተሠራ ምላጭ ግጠሙበት፤ አንዱን ሚስማር በሰኮንዶች ውስጥ ይጨርሰዋል። ሚስማሩ ሲቆረጥ ድምፁ ይለያል። እንጨቱን ሲነካ የደነዘ ድምፅ ነው፤ ብረቱን ሲይዝ ይንጫጫል፣ ከዚያ ድንገት ዝም ይላል። ዝም ሲል ተቆርጧል ማለት ነው።

ጣውላው ሳይጎዳ ይነሳል። የሚስማሩ ራስ ግን ጣውላው ውስጥ ቀርቷል። ጣውላውን ገልብጡት። በተቆረጠው የሚስማር ጫፍ ላይ ደንዳና ሚስማር ወይም ቀጭን የብረት ዘንግ አቁሙና በመዶሻ አንድ ሁለት ጊዜ ምቱት። ራሱ በፊት በኩል ብቅ ይላል። ከዚያ በመዶሻው ጥፍር ይነቀላል። አንዳንዶች ራሱን እዚያው ይተዉታል፤ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ያምራል ይላሉ። እኔ አወጣዋለሁ። ፊቱን መላግ የሚፈልግ ሰው ብረት ውስጡ ትቶ መላጊያ ማስኬድ የለበትም።

እንዲያውም መላጊያ ከመንካታችሁ በፊት ማግኔት ውሰዱና በጣውላው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንሸራቱት። የተሰበረ ሚስማር፣ የስቴፕል ቁራጭ፣ ማንኛውም ብረት ካለ ይስበዋል። ይህ የ1 ደቂቃ ሥራ ነው። ያልታየ አንድ ሚስማር የመላጊያን ስለት ጥርስ ያወጣበታል፤ በኤሌክትሪክ መላጊያ ከሆነ ደግሞ ስብርባሪው ወደ ሰው ይወረወራል። ጓንትና መነፅር ከመጀመሪያው ሚስማር ጀምሮ ሊደረጉ ይገባል።

ጣውላዎቹ ተፈቱ። አሁን ቶሎ ልንገጣጥም እንፈልጋለን። አትቸኩሉ።

የመጀመሪያ ጠረጴዛዬን ልንገራችሁ። ፓሌቱን ከደጅ አመጣሁ፣ በሳምንቱ ፈታሁት፣ በሳምንቱ መጨረሻ ጠረጴዛ ሆነ። ፊቱ 55 ሴንቲ ሜትር ወርድ ነበረው። ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲቆይ ብዬ ከሥሩ ሁለት አግዳሚ እንጨት አስገባሁ፤ በኮላ ለጠፍኩት፣ በዚያ ላይ በቪቴ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ቪቴ የምለው በካቻቢቴ የሚጠበቀውን ጠመዝማዛ ሚስማር ነው። ውብ ነበር። ለሁለት ወር ያህል ቆየ። አየሩ ደረቅ ሲሆን አንድ ሌሊት እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ጠዋት ሳየው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ጣቴን አስገብቼ ስንጥቁን ተከተልኩት። የተሰነጠቀው ኮላ ያጣበቀው ቦታ አልነበረም። ከእርሱ አጠገብ ያለው እንጨት ራሱ ነው የተቀደደው። ኮላው ከእንጨቱ በርትቶ ነበር። በጣም አዘንኩ፤ ግን ከዚያ በኋላ ስለ እንጨት ያለኝ አስተሳሰብ ተለወጠ።

የሆነው ይህ ነው። እንጨት ከተቆረጠም በኋላ እንቅስቃሴውን አያቆምም። አየሩ እርጥብ ሲሆን ይጠጣና ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይሰጣልና ይጠባል። በርዝመቱ በኩል ለውጡ ኢምንት ነው። በወርዱ በኩል ግን ይታያል። 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የጥድ ፊት እርጥበቱ በ4 በመቶ ቢለወጥ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል። 6 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ውፍረት ያህል ነው። ያንን በቪቴ ጠርቅማችሁ ብትከለክሉት እንጨቱ መንገድ ያጣል። መንገድ ያጣ እንጨት ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናደርጋለን። አንደኛው አሁን፣ ሁለተኛው መጨረሻ ላይ።

አሁን የምናደርገው ማድረቅ ነው። ጣውላዎቹን ጠረጴዛው በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ደርድሯቸው። በየመካከላቸው 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች አጋድማችሁ አኑሩ፤ አየር በሁሉም በኩል ይለፍ። ላያቸው ላይ ከባድ ነገር ጫኑ፣ ሲደርቁ እንዳይጣመሙ። ስንት ጊዜ ይቆይ? የእርጥበት መለኪያ ያለው ሰው ከ8 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ያውቀዋል። የሌለው ሰው ሚዛን ይጠቀም። አንዱን ጣውላ መዝኑና ክብደቱን ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፉ። በየ3 ቀኑ መዝኑት። መጀመሪያ ክብደቱ ይቀንሳል። ተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ መዝናችሁት መቀነሱን ሲያቆም ከቤቱ አየር ጋር ተስማምቷል። አንዳንዱ በ2 ሳምንት ይደርሳል፣ አንዳንዱ ከወር በላይ ይፈልጋል። እኔ ይህን የእርሳስ ቁጥር ከጣውላው ጀርባ አላጠፋውም። ከጠረጴዛው ሥር ተኝቶ ለሚያየው ሰው እዚያው ይቆያል።

ከደረቁ በኋላ ሁለቱን ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ስንጥቁና የቆሸሸው እዚያ ነው።

የማጣበቅ ሥራው ሚስጥር ጠርዙ ላይ ነው። ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን ሲገናኙ በመካከላቸው ብርሃን ማለፍ የለበትም። ጠርዙን ፍጹም ቀጥ ባለ አንግል በእጅ መላግ ለጀማሪ ከባድ ነው። አሮጌ ዘዴ አለ። የሚጣበቁትን ሁለት ጣውላዎች ፊት ለፊት አገናኙ፤ እንደ ተዘጋ መጽሐፍ። አብራችሁ እሰሯቸውና ሁለቱንም ጠርዝ በአንድ ላይ ላጉ። እጃችሁ ትንሽ ወደ ግራ ቢያዘነብል አንዱ ጠርዝ 91 ዲግሪ፣ ሌላው 89 ይሆናል። መጽሐፉን ስትከፍቱት 91 እና 89 ተደምረው 180 ይሆናሉ። ስሕተቱ ራሱን በራሱ ያስተካክላል። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደጋግሜ ሞክሬው ነበር። እናንተም ሞክሩት፣ ደስ ይላችኋል።

የፓሌት ጣውላ ውፍረቱ እኩል አይደለም። አንዱ 22፣ ሌላው 18 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። እኩል እናድርግ ብላችሁ ሁሉንም ወደ ቀጭኑ አትላጉ። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ፊታቸውን ወደ ታች ደፍታችሁ አጣብቋቸው። እኩል መሆን ያለበት የሚታየው ፊት ነው። ከሥር ያለውን ልዩነት በኋላ ከፍሬሙ ጋር ስታገናኙ በቁራጭ ትሞሉታላችሁ።

ኮላው ተራው ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃል። በጠርዙ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ። ከመገጣጠሚያው በኩል ኮላ እንደ ዶቃ ተደርድሮ ብቅ ካለ ልኩ ነው። ወዲያው በጨርቅ አትጥረጉት። ከጠረጋችሁት በእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ይሰርግና ቫርኒሽ ስትቀቡ ነጭ እድፍ ሆኖ ይወጣል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ። እንደ ላስቲክ ሲሆን በመሮ ገፋ ስታደርጉት ይላጣል። ከዚያ እስከ ማግስቱ አትንኩት።

ከመካከል አንድ ወጣት "ክላምፕ ከሌለኝስ?" አለኝ። ክላምፕ፣ ማለትም ጣውላዎቹን አጥብቆ የሚይዘው መሣሪያ፣ ባይኖር ሽብልቅ አለ። ሰፊ ኮምፔንሳቶ ላይ ሁለት ሞራሌ ትይዩ አድርጋችሁ በቪቴ እሰሩ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከጠረጴዛው ፊት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስፋ። ጣውላዎቹን መካከል አስገቡ። በቀረው ክፍተት ጥንድ ጥንድ ሽብልቅ በተቃራኒ አቅጣጫ አስገብታችሁ በመዶሻ አጥብቁ። ከሥር ጋዜጣ አንጥፉ፣ አለዚያ ኮምፔንሳቶውም አብሮ ይጣበቃል። ኃይሉ ከክላምፕ አያንስም።

ፍሬሙና እግሩ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ቀላል ስለሆነ። ከፍታው ከሶፋው መቀመጫ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ለአብዛኛው ቤት ይሆናል። ርዝመቱ የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆን ለዓይን ይመቻል። በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል መተላለፊያ ተዉ። እግሩን እኔ ከሁለት ጣውላ ነው የምሠራው። 8 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላቸውን ሁለት ቁራጮች በቀጥተኛ ማዕዘን አጣብቃለሁ። ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ከፊቱም ጋር ይመሳሰላል። አራቱን እግር የሚያገናኘው ዙሪያ ወርዱ ቢያንስ 7 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ጠረጴዛው እንዳይወዛወዝ የሚይዘው እርሱ ነው። ለእያንዳንዱ ቪቴ አስቀድማችሁ በድሪል ቀጭን ቀዳዳ ክፈቱ፤ ደረቅ የፓሌት እንጨት ያለ ቀዳዳ ቪቴ አይቀበልም። ስኳድራ ባይኖራችሁ የፍሬሙን ሁለት ሰያፍ በሜትር ለኩ። እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ልክ ነው።

አሁን ቅድም ያቆየሁት ሁለተኛው ነገር። ፊቱን ከፍሬሙ ጋር ስታያይዙ ኮላ አታድርጉ። ፊቱ መስፋትና መጥበብ አለበት። በአጭሮቹ አግዳሚዎች ላይ ለቪቴ የምትከፍቱት ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ሞላላ ይሁን፤ በጠረጴዛው ወርድ አቅጣጫ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርዘም። የመካከለኛውን ብቻ ክብ አድርጉት። ከቪቴው ራስ ሥር ሮንዴላ አስገቡ። አጥብቁት፣ ግን እስከ መጨረሻ አትጨርሱት። መካከሉ ቆሞ ሁለቱ ዳር ይንሸራተታል። ከመጀመሪያው ጠረጴዛዬ ወዲህ የሠራኋቸው በሙሉ እንዲህ ናቸው፤ አንዳቸውም አልተሰነጠቁም።

ፓሌቱን ሳይፈቱ ሁለት ደርቦ፣ ጎማ ገጥሞ፣ መስታወት ስለ መጫን የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ይቻላል። ሁለት ሲደረብ 28.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር የጎማ ከፍታ ሲጨመርበት 38.8 ይሆናል። ከፍታው አልከፋም። ግን 80 ሴንቲ ሜትር ወርድ ለብዙ ሳሎን ይበዛል፤ በጣውላዎቹ መካከል የሚገባው አቧራም አይጸዳም። እኔ አልመርጠውም።

ብርጭቆ ወረቀቱን ከሻካራው ቁጥር 80 ጀምሩ፣ ወደ 120፣ ከዚያ ወደ ለስላሳው 180 ሂዱ። ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ። ሁሉንም ጠባሳ ለማጥፋት አትታገሉ። በሚስማር ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጥቁር እድፍ ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ተዋሕዶ የሠራው ቀለም ነው፤ ጠልቆ ስለሚገባ በብርጭቆ ወረቀት አይወጣም። ይቆይ። የዚህን እንጨት ታሪክ የሚናገረው እርሱ ነው፣ እኔም ከአዲስ ጣውላ ይልቅ ይህን የምወደው በዚያ ነው። የአቧራ መከላከያ ጭምብል ግን ግድ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር አምጪ ከተባሉት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ሰጋቱራውን ጠርጎ ማንሳት ብቻ አይበቃም፤ የማይታየው ደቃቁ ነው ሳንባ የሚገባው።

ከ180 በኋላ እርጥብ ጨርቅ ፊቱ ላይ አስኪዱበት። ሁለት ነገር ታያላችሁ። የእንጨቱ ቀለም ቫርኒሽ ሲቀባ ምን እንደሚመስል ይታያል። የተረሳ የኮላ እድፍና የብርጭቆ ወረቀት ጭረትም ይወጣል። ሲደርቅ ፊቱ ትንሽ ይሻክራል። በ180 ቀለል አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ሂዱበት። አሁን ለመቀባት ተዘጋጅቷል።

ኩባያና ውሃ ለሚያርፍበት ጠረጴዛ በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ቀቡ። በየመካከሉ በ220 ዳበስ ዳበስ አድርጉት። ሥሩንም ቀቡት። አንድ ፊት ብቻ የተቀባ ጣውላ እርጥበት የሚገባበት በአንድ በኩል ስለሚሆን ይጣመማል።

የእንጨቱን ተፈጥሮ ይበልጥ የሚያሳይ ነገር የሚፈልግ ሰው የተልባ ዘይት ይጠቀማል። ያምራል። ግን ስለ ጨርቁ ሳልናገር ወደ ቤታችሁ አልሸኛችሁም። የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም። ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ነው፤ ሲዋሐድ ሙቀት ያወጣል። የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ ብትጥሉት ሙቀቱ መውጫ ያጣና ይጠራቀማል። ክብሪት ሳይነካው፣ በራሱ ጊዜ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ቤት የተቃጠለበት ሰው አለ። ጨርቁን ከቤት ውጭ ዘርግታችሁ አንድ ላይ ሳይደራረብ አድርቁት፣ ወይም ውሃ በሞላበት የብረት ዕቃ ውስጥ ንከሩት። ይህን ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ እንኳ አትርሱ።

ቫርኒሹ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ለጥቂት ቀናት ትኩስ ዕቃና ከባድ ነገር አታስቀምጡበት።

እኔ የያዝኩት ይኸው ነበር። እዚያ ጋ፣ በሩ አጠገብ፣ ሦስት የተሰበሩ ፓሌቶች አስቀምጫለሁ። አንዱ ኤች ቲ፣ አንዱ ኤም ቢ፣ አንዱ ምልክት የለውም። ስትወጡ ጎንበስ በሉና ራሳችሁ ፈልጉት። ኤም ቢ የተጻፈበትን በእጃችሁ አትንኩት።